ልክ ገጹ ሲሞላ

«ማን ነው የሰበረው?» አለ ፓንጂ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አልነበረም። ከቀዩ ምልክት አጠገብ የኒንግሩም ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ኒንግሩም የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠችና የሌላ ሰው ስም እንደሚያይ ሰው ስሟን አየችው። ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የለወጠችውን ኮድ በራሷ ላፕቶፕ ደጋግማ ሞክራው ነበር፤ አንዴም አልተሰናከለም። አሁን ግን ሁሉም በሚያየው የጋራ ማሽን ላይ ግንባታው፣ ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀየርበት ሂደት፣ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል።

«ስምሽ በቀይ ያምራል» አለ ፓንጂ። «የኔን ቴምፔ ሚጥሚጣ እንዲያበዙበት ንገሪልኝ።»

የቤቱ ሕግ ነው። በማላንግ ከተማ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ በማስ ባስኮሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት ወጣቶች ግንባታ የሰበረውን ሰው ከመንገዱ ማዶ ቴምፔ የሚባለውን የተጠበሰ የአኩሪ አተር ምግብ ያስገዙታል። ፓንጂ እንኳን ባለፈው ክረምት የቴምፔ ጠባሿ ልጆች በእሱ ገንዘብ የተማሩ እስኪመስል ድረስ ገዝቷል። ኒንግሩም ግን አብልታ አታውቅም። ጎበዝ ስለሆነች ብቻ አልነበረም፤ ሊሰበር የሚችል ነገር ስለማትነካ ነው። ወደዚህ ጓዳ መምጣት ከጀመረች ወዲህ የሌሎችን ግድፈት ስታርም፣ መመሪያ ስታስተካክል፣ ጥግ ይዛ ስታዳምጥ ነው የኖረችው።

የሚሠሩት ፕሮግራም ሉምፓንግ ይባላል፤ ሙቀጫ ማለት ነው። ሰው የጻፈውን ኮድ ተቀብሎ፣ ወቅጦ አድቅቆ፣ ትንንሽ ማሽኖች ሊውጡት ወደሚችሉት ቁጥር የሚቀይር ኮምፓይለር ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ያርመዋል፣ ተከፍሎት የሚሠራ ግን የለም። ሁሉም «ማስ»፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚሏቸው ባስኮሮ ገና ተማሪ ሳሉ ብቻቸውን ጀመሩት። ዛሬ በየደሴቱ ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩበታል።

ዕለቱ አዲሱ እትም የሚወጣበት ቀን ነበር። ማስ ባስኮሮ ጠዋት ወደ ጎረቤት ሠርግ ከመሄዳቸው በፊት፣ የባቲክ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ፣ ኒንግሩምን ወደ በሩ ጠርተው አነጋግረዋት ነበር። ሉምፓንግ ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚያነባቸው የመሠረት ፋይሎችና እነሱን የሚያነበው ክፍል ጠባቂ እንደሌላቸው ነገሯት። የእሷ ለውጥ ከእትሙ ጋር በሰላም ከወጣ ጠባቂዋ እሷ ትሆናለች፤ ያንን ክፍል የሚነካ ሁሉ ከዚያ ወዲያ የእሷን እሺታ ይጠይቃል። ሲመለሱ ግንባታው ቀይ ሆኖ ካገኙት ግን የመጨረሻውን ለውጥ አውጥተው በቀድሞው ይለቁታል። የማንም ቢሆን እንደዚያው ነው አሉና ፈገግ ብለው ወጡ።

ኒንግሩም ያን ጊዜ አንገቷን ደፍታ «እሺ ማስ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ቤት ውስጥ ብትሆን ኖሮ ማንም ስለማያያት ፊቷን በትራስ ሸፍና በደስታ ትስቅ ነበር፤ እዚያ ግን ሰው ነበረ።

«ምንድን ነበር የቀየርሽው?» አለ ፓንጂ፣ አሁን ወንበሩን አስጠግቶ።

ነገረችው። አንዱን የመሠረት ፋይል ነው ያጸዳችው። ጊዜ ያለፈባቸውን ማስታወሻዎች አወጣች፤ ኮዱን ግን አልነካችም። ማስታወሻ ለሰው የሚጻፍ ነው፤ ሉምፓንግ ዘሎት ያልፋል።

«ማስታወሻ ስላወጣሽ ነው የወደቀው?»

«ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«ታዲያ ባንቺ ማሽን ለምን ሠራ?» ፓንጂ ላፕቶፗን በአገጩ ጠቆመ። ሱራባያ ያለ አጎቷ ለምረቃዋ የገዛላት ነው፤ በጓዳው ውስጥ ካሉት ሁሉ አዲሱ እሱ ነው። «የሀብታም ማሽን የድሃውን በሽታ አያውቅም።»

ቀልዱን ነው የተናገረው። ኒንግሩም ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ አእምሮዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ተነሥታ ወደ ሱቁ ወጣች።

ሱቁ ውስጥ የማስ ባስኮሮ እናት ኢቡ ላስትሪ በሁለት ፎቶ ኮፒ ማሽኖች መሀል ቆመው የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ያባዛሉ። በጥግ በኩል ደንበኞች ፋይል የሚያትሙበት፣ ቁልፎቹ የተፋፋቁ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ኒንግሩም እሱን ለትንሽ ጊዜ መጠቀም ትችል እንደሆነ በለሆሳስ ጠየቀች። ኢቡ ላስትሪ ደንበኛ ሲመጣ ትነሺያለሽ ብለው ፈቀዱላት።

በአሮጌው ማሽን ላይ ግንባታውን አስነሣችው። ወደቀ።

ደስ አላት። ሩቅ ያለ በሽታ ያስፈራል፤ ፊት ለፊት የወደቀ ነገር ግን ይመረመራል። መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ጀመረች።

መጀመሪያ ያወጣቻቸውን ማስታወሻዎች በሙሉ መለሰች። ሠራ። ከዚያ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ብቻ መለሰች። ሠራ። እሱን አውጥታ ሌላውን ብቻ መለሰች። እሱም ሠራ። ስለዚህ ጉዳዩ ማስታወሻው ምን እንደሚል አይደለም። ሁሉንም አወጣችና በፋይሉ መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ፣ ትርጉም የሌላት፣ በማስታወሻ ምልክት ውስጥ ጨመረች። ሠራ።

ፓንጂ የበሩን መቃን ተደግፎ ያያል። «ጂን ነው» አለ። «አሮጌ ኮድ ውስጥ ጂን ይገባል። መሥዋዕት ፈልጎ ነው፤ አንድ ፊደል ጣይለትና ይተኛ።»

ኒንግሩም ወደ ፋይሉ መጀመሪያ ተመለሰች። የሆነ ሐሳብ እንደ ትንኝ ጆሮዋ ሥር ይጮህባታል። ሲጨመርበት ከዳነ፣ ሲቀነስበትስ? ከፋይሉ ውስጥ አንዲት የማታስፈልግ ባዶ ቦታ ፈልጋ አወጣች። ግንባታውን አስነሣችው።

ሠራ።

ፓንጂ ከመቃኑ ተነሥቶ ቀረበ። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ። ሲጨመርበት ይድናል፤ ሲቀነስበትም ይድናል። ልክ እንዳለ ሲሆን ብቻ ይሞታል።

ኒንግሩም የፋይሉን መጠን አየች። ቁጥሩን ስታየው ዩኒቨርሲቲ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የሰማችው ትምህርት ትዝ አላት። ኮምፒውተር ሜሞሪውን በፈለጉት መጠን ቆርሶ አይሰጥም፤ እኩል እኩል በሆኑ ገጾች ነው የሚሰጠው። ፋይሉ ገጹን ካልሞላው የቀረውን ቦታ ማሽኑ ራሱ በዜሮ ይደፍነዋል። የእሷ ፋይል ከጸዳ በኋላ መጠኑ ልክ የመጨረሻውን ገጽ እስከ ጠርዙ ሞልቶ የሚያልቅ ሆኗል። ላፕቶፗ ላይ ደግሞ ገጹ ከአሮጌዎቹ ማሽኖች ገጽ ሰፋ ያለ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ሁልጊዜ ቦታ ተርፏል።

ፋይል የሚያነበውን ክፍል ከፈተች። ከጸሐፊው ስም ጋር ነው የተቀመጠው፤ ባስኮሮ። አጭርና የሚያምር ኮድ ነው። ፋይሉ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይጠይቅም፤ ዜሮ እስኪያገኝ ይሮጣል። ማስ ባስኮሮ ወደ ጓዳው ለሚመጣ አዲስ ሰው ሁሉ የሚያሳዩት ይህንን ነው። ሌሎቹ ኮምፓይለሮች በየፊደሉ ቆመው ደረስን ወይ እያሉ ይጠይቃሉ፣ የኛ ግን አይጠይቅም፣ ለዚህ ነው የማይቀደመው ይላሉ።

«ፊትሽ በራ ልጄ፤ ምን አገኘሽ?» አሉ ኢቡ ላስትሪ ከማሽኑ ማዶ።

ኒንግሩም እንዴት እንደምትነግራቸው ትንሽ አሰበች። ኢቡ ላስትሪ በእጃቸው ቢጫ ወረቀት ይዘው ነበር፤ የአንዱ ተማሪ ጽሑፍ ሲያልቅ ከሌላው እንዳይቀላቀል በመሀል ያስገቡታል።

«ኢቡ፣ እሱን ወረቀት ማስገባት ቢረሱ ምን ይሆናል?»

«የሁለት ሰው ሥራ አንድ ላይ እጠርዛለሁ። አንዴ አድርጌዋለሁ። ስለ ላም መኖ ያጠናው ልጅ መጨረሻ ላይ የፍቺ ሕግ ገብቶለት፣ መምህሩ ላሟን ከማን ነው የምታፋታት ብለው ጠየቁት።»

ኒንግሩም ሳቀች፤ ሳቋ ራሷን እስኪገርማት ድረስ። ከዚያ አስረዳቻቸው። ሉምፓንግም ሲያነብ ቢጫ ወረቀት ነው የሚፈልገው። ወረቀቱን የሚያስገባለት ግን የለም። ገጹ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ባዶ ቦታ ስለሚተርፍና ማሽኑ በዜሮ ስለሚደፍነው፣ ያለ ይመስላል። ልክ ገጹ ሲሞላ ግን ወረቀት የለም፤ አንባቢው ሳያውቅ የሌላ ሰው ቦታ ይገባል፤ ማሽኑም እንደ ሌባ አንገቱን ይዞ ይጥለዋል።

ኢቡ ላስትሪ የወረቀቱን ጠርዝ በጠረጴዛው ላይ አስተካከሉ። «ልጄ ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?»

ኒንግሩም ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

«አባቱም እንደዚያ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «መሄድ እንጂ መድረስ አያሳስበውም።» ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

ፓንጂ በዚህ መሀል ነገሩ ገብቶታል። ለእሱ ጉዳዩ ያለቀ ነው። ፋይሉ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ጨምሪ፣ ልክ መሆኑ ይቀራል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ማስም ሲመለሱ ጠባቂ ትሆኛለሽ አላት። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ከልቡ ደስ ብሎት ነበር።

ኒንግሩም ባዶ ቦታዋን ጨምራ ላከች። ጥቂት ቆይቶ የጋራው ማሽን አረንጓዴ በራ። ስሟ አሁን በአረንጓዴ ነው። ፓንጂ የቴምፔው ጉዳይ ግን አይሰረዝም ብሎ ወደ ጓዳው ገባ።

እሷ አልተነሣችም። ውጭ ዝናብ ጀምሯል፤ ተማሪዎች ደብተራቸውን በልብሳቸው ሸሽገው ከሱቁ ታዛ ሥር ተጠጉ። አንድ ነገር ለማየት ብቻ ብላ አዲስ ፋይል ከፈተች። አንዲት ፊደል ደጋግማ፣ ገጹን እስከ ጠርዙ እስክትሞላ ድረስ ጻፈች፤ ሌላ ምንም የለበትም። ለተስተካከለው ሉምፓንግ ሰጠችው። ወደቀ። ያለፈውን ዓመት እትም ፈልጋ አወጣችና ለእሱም ሰጠችው። ወደቀ። የመጀመሪያውን፣ ማስ ባስኮሮ ብቻቸውን የጻፉትን እትም አመጣች። እሱም ወደቀ።

እሷ የሰበረችው ነገር የለም። ከተወለደ ጀምሮ የተሰበረ ነው፤ እሷ ድንገት ረገጠችው እንጂ።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። መመሪያ ስታስተካክል በነበረበት ጊዜ ከተጠቃሚዎች የሚመጡትን አቤቱታዎች ሁሉ ታነብ ነበር። ሁለት ሰዎች ፕሮግራማቸው ያለ ምክንያት እንደወደቀና አንድ መስመር ሲጨምሩ እንደተስተካከለ ጽፈው ነበር። ሁለቱም አቤቱታዎች «ብንሞክረውም ስህተቱ አልተደገመም» ተብለው ተዘግተዋል። እንዴት ይደገማል? መስመሩን ጨምረውታል።

ማስ ባስኮሮ ከሠርጉ ሲመለሱ ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ረጥቦ፣ በእጃቸው ከሠርግ ቤት የተላከ የምግብ ካርቶን ይዘው ነበር። ካርቶኑን ለእናታቸው ሰጡና ጓዳው ገብተው ስክሪኑን አዩ። ኒንግሩም ተከትላቸው ገባች።

«አረንጓዴ ነው» አሉ። «እሰይ።»

ፓንጂ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከላቸው፤ የራሱን ድርሻ ትንሽ አሳድጎ። ጠዋት ቀይ እንደነበር፣ ኒንግሩም በአሮጌው ማሽን እንደያዘችው፣ አንዲት ባዶ ቦታ እንዳዳነችው። ማስ ባስኮሮ እየሳቁ ያዳምጣሉ። ኒንግሩም ግን አልተቀመጠችም። ታላቅን ሰው፣ ያውም በሰው ፊት፣ ያውም በሚኮራበት ነገር ተሳስተሃል ማለት በእነሱ ቤት አይደረግም። ይሉኝታ ያዛት።

«ማስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች በመጨረሻ። «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል።» እንዳልተሳሳተች ታውቃለች። «ባዶ ቦታዋ ፋይሉን ነው ያዳነችው። አንባቢው እንዳለ ነው። የማንም ሰው ፋይል ልክ ገጹን ከሞላ ይወድቃል።»

ማስ ባስኮሮ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ነገሩ ወዲያው እንደገባቸው ከዓይናቸው አየች፤ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

«በዚህ ሁሉ ዓመት ማን ወደቀበት?»

«ሁለት ሰው ጽፏል። አንዱን አቤቱታ የዘጉት እርስዎ ነዎት።»

ፓንጂ ወደ ጣሪያው አየ። ማስ ባስኮሮ ጺማቸውን አሻሹ፤ አልተቆጡም፤ ሳቃቸው ግን ጠፍቷል። ቀስ ብለው ማስረዳት ጀመሩ። አንባቢውን መንካት ማለት እትሙን ማዘግየት ነው። ቶራጃ ተራራ ላይ የሚያስተምሩት ፓክ ሮምቤ ኔትወርክ ፍለጋ ዛሬ ከተማ ወርደው እየጠበቁ ነው። እትሙን ይዘው ካልተመለሱ ተማሪዎቻቸው የሚቀጥለውን ሳምንት በሙሉ በአሮጌው ይቆያሉ፤ አሮጌው ደግሞ አዲስ ያመጡላቸውን ትንንሽ ማሽኖች አያውቅም። የመውደቁ ዕድል እኮ ከስንት አንድ ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነበር፤ ኒንግሩምም የምትቃወመው አልነበራትም።

«ከእትሙ በኋላ እናየዋለን» አሉ።

«ከእትሙ በኋላ ብለን የተውነው ሁሉ መቃብር ቢኖረው የከተማው መቃብር አይበቃውም ነበር» አለ ፓንጂ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

ማስ ባስኮሮ አላዩትም። ኒንግሩምን ነው የሚያዩት። «ጠዋት ያልኩሽ እንዳለ ነው። ክፍሉ ያንቺ ነው። እትሙን አንቺው ልቀቂው፤ እኔ ይሄን እርጥብ ሸሚዝ ልቀይር።» ተነሥተው ወደ ላይ ወጡ።

ኒንግሩም ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች። ሙቀታቸው ገና አለ። ስክሪኑ ላይ የመልቀቂያው ቁልፍ ይጠብቃታል፤ አንድ ጊዜ መንካት ነው። ከነካችው ማንም አይወቅሳትም። ስሟ በአረንጓዴ ይወጣል፤ ከነገ ጀምሮ ሰዎች እሷን ያስፈቅዳሉ።

ቶራጃ ላይ ያለን አንድ ተማሪ አሰበች። መልኩን አታውቀውም። ፕሮግራሙን ጽፎ ሲጨርስ፣ ልክ ገጹን ሞልቶት፣ ሉምፓንግ በእጁ ላይ ይወድቃል። እሱ ደግሞ ፕሮግራሙ ተሳሳተ አይልም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ይላል። የጻፈውን ከላይ እስከ ታች ይፈትሻል፣ ምንም አያገኝም፣ በመጨረሻ አንድ መስመር ይጨምርና ይሠራለታል። ለማንም አይናገርም። እሷ ብትሆን አትናገርም ነበር።

የጨመረቻትን ባዶ ቦታ አወጣች። ከዚያ ያችን በአንዲት ፊደል የተሞላች ፋይል ከመፈተኛዎቹ መሀል አስገባችና ከላይ «ፋይሉ ልክ ገጹን ሲሞላ አንባቢው አልፎ ይሄዳል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ እንደ ደንቡ ስሟን አኖረች። ላከችው።

ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጠዋት ከነበረው ቀይ የባሰ ቀይ ሆነ፤ አሁን የወደቀው አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም።

«ምን ነካሽ?» አለ ፓንጂ። «አረንጓዴ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ስምሽ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ» አለች እንደገና፤ የአንባቢውን ኮድ እየከፈተች። ዜሮ ከሚፈልገው መስመር ላይ ጠቋሚውን አቆመች። ማስተካከያው ረጅም እንደማይሆን ታየዋለች፤ ግን በየማሽኑ መሞከር አለበት፣ የጻፉትም ሰው አጠገቧ ተቀምጠው ማየት አለባቸው።

ማስ ባስኮሮ ደረቅ ሸሚዛቸውን እያስተካከሉ ከደረጃው ወረዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀዩን አዩ፤ ከዚያ ከሥሩ ያለውን ስም አዩ፤ ከዚያ እሷን። ኒንግሩም ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳበችላቸውና ዓይኗን ሳትሰብር ስልኳን አነሣች።

«የፓክ ሮምቤን ቁጥር ይስጡኝ» አለች። «ትንሽ እንዲጠብቁን እኔው እለምናቸዋለሁ።»